ከሚዛኑ በኋላ

«ጿሚ ነበር ልጄ» አለች አመተ ሥላሴ፣ ከታች ቀበሌ ለመጡት ሴቶች። «በግንቦት መጥቶ ሦስት ቀን ሰንብቶልኝ ነበር። የልደታ ለት ጎረቤቱ ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ እሱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ‹ስእለት አለብኝ እማየ› ነው ያለኝ። ውሃውን እንኳ ይጉመጠመጥና መልሶ ይተፋዋል። መነኩሴ ነው ለካ የወለድሁት፤ እኔ ሞኟ ቦክሰኛ ይመስለኛል።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «ነፍሱ ገነት ናት፤ ምን ያጠራጥራል» አለች።

የመልአኩ ሠልስት ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ከወገዳ ከተማ ዳር በአመተ ሥላሴ ግቢ በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰኔ ካፊያ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ንፍሮው በሰፌድ ይዞራል፤ የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የኔታ ወልደ ሩፋኤል ዳዊታቸውን አጠፉ። ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው ያደጉ፣ የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው።

«በሃምሳው?» አሉ ቀስ ብለው። «በሃምሳው እኮ ጾም የለም፣ አመተ ሥላሴ። ስግደትም የለ።»

«እኔም ብየዋለሁ የኔታ። ‹የኔ ለብቻው ነው› አለኝ።»

የየኔታ ዓይን ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ወደተቀመጠው ወደ ታላቅየው ልጅ ወደ ዘመኑ ሄደ። ዘመኑ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ መሬት መሬት ያያል። ከቀብሩ ጀምሮ ድምፁን የሰማ የለም። ሰው ሁሉ ኀዘን ነው ብሎ ትቶታል።

ኀዘንም ነበር። ግን ኀዘን ብቻ አልነበረም። የመልአኩን ስእለት ምንነት ከዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ያሳለውም እሱ ነው።

ዘመኑ በወጣትነቱ እሱም ቦክሰኛ ነበር። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ተወውና መካነ ኢየሱስ ከተማ ገብቶ፣ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ በአሸዋ ሞልቶ ሰቅሎ ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ታናሽ ወንድሙ መልአኩ ለትምህርት ብሎ ከወገዳ ሲመጣ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እጁ ፈጣን፣ ሳቁ ቅርብ፣ ሆዱ ሰፊ። ቆሎ ከኪሱ አይጠፋም። አመተ ሥላሴ በየወሩ የምትልከው በሶ ሳምንት አይቆይለትም።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ሚዛኑ ስድሳ አራት ኪሎ ሆነ። በዚያ ክብደት ሁለት ጊዜ ገጠመ፤ ሁለቴም ተሸነፈ። ሁለተኛውን በተሸነፈ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ዘመኑ እንዲህ አለው፦

«በሃምሳ ሰባቱ ብትገባ የሚቆምልህ የለም።»

«ሰባት ኪሎ ከየት ላምጣ?» አለና መልአኩ ሳቀ።

«አታመጣም። ትጥላለህ።»

እንዴት እንደሚጣል ዘመኑ ያውቃል። በሱ ጊዜም ሁሉም ያደርገው ነበር። የማዳበሪያ ላስቲክ በቱታ ሥር ለብሶ ዳገት መሮጥ። ማስቲካ እያኘኩ ምራቅን ሃይላንድ ውስጥ መትፋት። የሚያስቀምጥ ክኒን። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ውሃ ጨርሶ አለመቅመስ። ሰውነት ልብስ ሲጨመቅ እንደሚሆነው ይሆናል፤ ይጠብና ሚዛን ላይ ይቀላል። ሚዛኑን ካለፉ በኋላ ይጠጣሉ፣ ይበላሉ፣ ያብጣሉ።

በአምስት ሰዓት ግድም ከመካነ ኢየሱስ የመጣ አንድ ሚኒባስ ከግቢው ደጅ ቆመ። ዘመኑ የሚያሠለጥናቸው ልጆች ነበሩ፤ ከነሱም ጋር የውድድር አዘጋጁ ተስፋሁን። ሰውየው ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁም እንደዚያው ነው። ልጆቹ እያለቀሱ ገብተው ከእናትየው እግር ሥር ተደፉ። በመጨረሻ የገባው ቀጠን ያለ ወጣት ግን ከማንም ጋር አልነበረም። ጫማውን ከደጅ አውልቆ፣ «አላህ ሰብር ይስጣችሁ» ብሎ ከዳር ተቀመጠ።

ዘመኑ ሲያየው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከሪም ነበር።

ተስፋሁን ለቅሶው ጋብ ሲል ተነሥቶ ተናገረ። የዚህ ሳምንቱ ውድድር ለመልአኩ ክብር ሲባል ከዐርብ ወደ መጪው ረቡዕ መዛወሩን ነገራቸው። ከዚያ ስለ አምናው ድል ማውራት ጀመረ፤ ባሕር ዳር ላይ ለፍጻሜ ስለተደረገው ግጥሚያ።

«በሁለተኛው ዙር ነው» አለ፣ እጁን ጨብጦ እያሳየ። «አንድ በግራ። አንድ በቀኝ፣ ከጆሮው ሥር። ልጁ እንደ ግንድ ወደቀ! እኔ በዚህ ዓመቴ እንደዚያ ያለ ምት አላየሁም። ያ ተጋጣሚው… ማን ነበር ስሙ?»

«ከሪም» አለ ከዳር የተቀመጠው ወጣት። «እኔ ነኝ።»

ተስፋሁን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አንተ ነህ ልጄ?» አለች አመተ ሥላሴ። «ልጄ የመታህ?»

ከሪም ራሱን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ሰጣት። «ይቅርታ እማማ። ግራው አይሰማኝም፤ ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት፤ በዚህኛው ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ልጄ ነው እንዲህ ያደረገህ? ይቅር በለው። ለሞተ ሰው ይቅር ይባላል።»

«በጨዋታ ነው እማማ። እሱም መምታት ነበረበት፤ እኔም። ቂም የለኝም።»

እጁን ስባ ሳመችው። ዘመኑ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ተነሥቶ ወጣ።

የፍጻሜውን ቀን አልረሳውም። ጠዋት ሚዛን ላይ መልአኩ ልብሱን ሁሉ አውልቆ ወጣ፤ ሃምሳ ሰባት፣ ልክ። ጉንጩ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከሪም ቀጥሎ ወጣ፤ ቁምጣውን እንደለበሰ ሃምሳ ስድስት ተኩል። ልጁ ተፈጥሮው ያ ነው። ከዚያ መልአኩ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሲጠጣ ዋለ፤ ሩዝ በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ ጠጣ። ወደ ውድድሩ ከመሄዳቸው በፊት ዘመኑ በያዘው ትንሽ ሚዛን ላይ አወጣው። ስድሳ ሁለት። ወንድማማቾቹ ተያዩና ሳቁ።

ከሪም ሲወድቅ ግን መልአኩ አልሳቀም። እጁን ዳኛው ሲያነሣለት ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። በዚያ ምሽት ሜዳሊያውን አልጋው ላይ ጥሎ፣ «ትንሽ ልጅ የመታሁ መሰለኝ» አለ። ዘመኑ «ሚዛኑ እኩል ነው ያላችሁ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

ከሪም ከአጥሩ ጥግ ደረሰበት።

«አልመጣም ብየ ነበር» አለ። «እናቴ ራቢያ ናት ‹ሂድ፤ ሙት አይሸሽም› ያለችኝ።»

«አላህ ያክብርልኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ? መልአኩ አምና ሪንጉ ውስጥ ስንት ኪሎ ነበር?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«ሚዛን ላይማ አይቻለሁ። ሪንጉ ውስጥ ነው ያልሁህ።»

«አላውቅም» አለ ዘመኑ።

ከሪም ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። መተኛት ስላቃተኝ ነው። አባቴ ሱቅ ጨርቅ ስለካ ስቆርጥ እሱን ነው የማስበው። አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ‹ደካማ ነህ፤ ያንተ አጥንት ለዚህ አልተፈጠረም› ስል ኖርሁ። እውነት ከሆነ ይሁን። ውሸት ከሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ገባ።

ዘመኑ ፊቱን በዝናቡ አጥቦ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ፣ ከመግቢያው አጠገብ ከተቀመጠችው ከአዜብ ጋር ተያዩ። አዜብ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከልጃገረዶቹ ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት። የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዘው የሚያዞሩ ሴት ብርጭቆ ሰጥተዋት፣ ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስፍራ ልትለቅለት ጠጋ ስትል ከሹራቧ ሥር የላስቲክ ድምፅ ተንኮሻኮሸ።

ዘመኑ ተንበረከከ። «ምንድን ነው የለበስሽው?»

«ላስቲኩን ነው ኮች።» በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። «ሚኒባሱ ይሞቃል፤ እግረ መንገዴን ብየ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ቀርቶኛል። ረቡዕ ነው'ኮ ሚዛኑ።»

«ውሃ ከጠጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከትናንት ጠዋት ወዲህ ጉንጭ ጉንጭ ብቻ ነው። አንተ ‹ቀስ በቀስ አቁሚ› ብለኸኝ የለ? እንዳልኸኝ ነው የማደርገው።» ከዚያ የሚያጽናናው መስሏት ጨመረች፦ «ለመልአኩ ብየ አሸንፋለሁ።»

ያለፈው ረቡዕ ረፋድ በዘመኑ ዓይን ላይ መጣ።

በዚያ ረፋድ መጋዘኑን ዘግተው፣ በሁለት በርሜል ውሃ አፍልተው፣ መልአኩ ላስቲክ ለብሶ በእንፋሎቱ መካከል ገመድ ይዘላል። አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ቀርቶታል። ላቡ ግን ቆሟል። ቆዳው ደርቆ እንደ ብራና ሆኗል። ዘመኑ ይህን ሲያይ መደንገጥ ነበረበት፤ እሱ ግን ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

«ዜሙ» አለ መልአኩ። በልጅነቱ ነበር እንደዚያ የሚጠራው። «አንዲት ጉንጭ ውሃ ስጠኝ። ልጉመጥመጥባትና ልትፋት።»

«ትውጣታለህ። አውቅሃለሁ።»

«በማርያም አልውጣትም።»

«ከሚዛኑ በኋላ» አለው ዘመኑ።

መልአኩ ገመዱን እንደገና አነሣ። ጥቂት ዘለለና ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመበትና ወደቀ። ገመዱ የጣለው መስሎት ዘመኑ «ተነሥ!» አለ። ሁለቴ አለ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ትንፋሹ ነበረ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሐኪሟ ወጥታ፣ ደሙ እንደወፈረ፣ ኩላሊቱ እንደቆመ፣ በመጨረሻም ልቡ እንደቆመ ነገረችው። ለእናቱ በስልክ የነገራት የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ልቡ ድንገት ቆመ።

«ጠጭ» አለ አሁን ለአዜብ። ድምፁ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞረ። «ጠጭ! ከዚያ ጓዳ ግቢና ላስቲኩን አውልቀሽ ጣይው!»

«ኮች፣ ውድድሩስ?»

ዘመኑ ተነሣ። ለተስፋሁን ሊናገር ነበር፤ ለከሪምም ሊናገር ነበር። አፉ ሲከፈት ግን የተናገረው ለእናቱ ነው።

«እማየ፣ መልአኩ አልጾመም።»

«ምን አልህ?»

«ስእለት አልነበረበትም። ኪሎ እንዲቀንስ እኔ ነኝ የከለከልሁት። እህልም ውሃም። አምናም እንዲሁ ነው። ሚዛን ላይ ሃምሳ ሰባት ነበር፤ ከከሪም ጋር ሲገጥም ስድሳ ሁለት። እኔ መዝኜዋለሁ። ልቡ ድንገት አልቆመም እማየ። እኔ ነኝ ያደረቅሁት።»

ተስፋሁን ክንዱን ያዘው። «ዘመኑ፣ ኀዘን ነው የሚያናግርህ» አለ። ወደ ሰዉ ዞሮም፣ «ሚዛኑ ሃምሳ ሰባት ብሏል፤ እኔም ነበርሁ። የተጣሰ ሕግ የለም። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለ።

«ሁሉም የሚያደርገው ከሆነ፣ ሁሉም ይደርቃላ» አሉ የኔታ። «ጾም ሌላ፣ ረኃብ ሌላ። ጾመኛ ማታ ጾሙን ይፈታል፤ ማዕዱ ይጠብቀዋል። ይህን ልጅ ማን ጠበቀው?»

አመተ ሥላሴ ማንንም አልሰማችም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ዘመኑ ፊት ቆመች። ቁመቷ ደረቱ ላይ ነው።

«ውሃ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«ሰጠኸው?»

ዘመኑ ከነገሩ ሁሉ ይህችን ለመዋጥ ይችል ነበር። ከእሱና ከሟቹ በቀር የሚያውቃት የለም።

«ከሚዛኑ በኋላ አልሁት» አለ።

ልትመታው እጇን ያነሣች መስሏቸው ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ፤ እሷ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ጎረሰችውና እንደዚያው ወደ ቤት ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ሙሾዋ ተሰማ፤

*በሬ እንኳ ተጠምዶ ውሎ፣ ወንዝ ይወርዳል ማታ፣*
*የኔ ልጅ ተጠምቶ፣ ምነው ውሃ አጣ።*

ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ከሪምም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲወጡ ከዘመኑ አጠገብ ቆመ።

«በሕይወት ሳለ ባውቀው እጣላው ነበር» አለ። «ዓመት አኩርፌው፣ ከዚያ አስታርቁን ብየ ሽማግሌ እልክ ነበር። አሁን ማንን ልጣላ?»

«እኔን ተጣላ።»

«አንተስ ራስህን ተጣልተሃል» ብሎ ከሪም ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አመተ ሥላሴ ዘመኑን አላናገረችውም። ሰው ሲመጣ ታለቅሳለች፣ ሰው ሲሄድ ትሸኛለች፤ እሱ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስለ ጾሙ የሚያነሣ ሰው ሲኖር፣ «አልጾመም። ተርቦ ነው» ትላለች። ሌላ አትጨምርም። ወሬው ከወገዳ አልፎ እስቴ መካነ ኢየሱስ ደረሰ። ካዘኑት ይልቅ የፈረዱት በዙ፤ አንዳንዱ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ዘመኑን ሲያይ ጨብጦት ማለፍ ተወ።

በአምስተኛው ቀን ከየኔታ ዘንድ ሄዶ ንስሐ ስጡኝ አላቸው።

«የነፍሱን ንስሐ ጊዜው ሲደርስ እሰጥሃለሁ» አሉት። «ከዚያ በፊት ግን፣ አንተ ያስተማርኸውን የሚያደርጉ ስንት ልጆች አሉ?»

«ዐሥራ አራት።»

«እነሱን ቅደም። ሙቱ ይጠብቅሃል፤ እነሱ አይጠብቁህም።»

ከየኔታ ቤት ደጅ ቆሞ ለዐሥራ አራቱም በየተራ ደወለ። ያልገባቸው ነበሩ። «ታዲያ በምን እናሸንፋለን?» ያለውም ነበር። ለተስፋሁንም የአምናውን ነገር በጽሑፍ እንደሚያመጣለት ነገረው። ተስፋሁን «መዝገቡ አይለወጥም'ኮ» አለው። «ባይለወጥም ይጻፍ» አለ ዘመኑ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባተኛው ቀን ሲገባደድ፣ አዜብ ደወለች። ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል።

«ከፍ ባለው ክብደት፣ በሃምሳ አራት ገባሁ ኮች። በልቼ፣ ጠጥቼ።»

«እሺ?»

«ተሸነፍሁ።» ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አወጣች። «በነጥብ ነው። ግን ሦስቱንም ዙር በእግሬ ነው የጨረስሁት። ልጅቱ በልጣኝ ነው።»

«በርቺ» አላት።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አውርደው፣ እርጥቡን ሸራ ጠቅልለው በአህያ ጭነው ሄደዋል። ግቢው ውስጥ የምሰሶዎቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል፤ ዝናብም ሞልቶበታል። ዘመኑ ቦርሳውን አንግቶ ከደጁ ቆመ። ወደ መካነ ኢየሱስ ሊመለስ ነው። ከበሩ ውጭ ሆኖ «እማየ፣ ልሄድ ነው» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ዞረ። አመተ ሥላሴ ባዶ እጇን፣ ጭቃውን እየረገጠች መጥታ አጠገቡ ቆመች። ፊቱን አላየችም። የቀኝ እጁን አነሣችና እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ፣ አንጓውን በአውራ ጣቷና በመሐል ጣቷ ከበበችው። ጣቶቿ ተገናኝተው ተረፉ።

«ከስተሃል» አለችው።

እጁን አልለቀቀችም።